ከኮንሰርቱ በኋላ የደረሰኝ መርዶ

የበደለችኝ ታላቅ እህቴ ናት። የበደለችኝም እናታችን ቆቦ ላይ ባረፈችበት ሳምንት፣ እኔ አዲስ አበባ የኦርኬስትራ ልምምድ በምመራበት ጊዜ ነው።

ሐሙስ ቀበሯት። ቅዳሜ ማታ እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ። በመጀመሪያው ክፍል ኦርኬስትራውን መራሁ፤ ከዕረፍት በኋላ በትሩን ለረዳቴ ሰጥቼ ራሴ ዘፈንኩ። ኦፔራ ስማር፣ ኋላም ሙዚቀኞች ፊት ቆሜ መምራት ስጀምር፣ ስመኘው የኖርኩት እንዲህ ያለ ምሽት ነበር። ድምፄ እንደዚያ ቀን ታዞልኝ አያውቅም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

እሑድ ሳይነጋ አጎቴና ሁለት የአገራችን ሰዎች በሬን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ጋቢ ለብሶ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የእኛ አገር ሰው ያውቃል። "እናቴ ናት?" አልኩ። አጎቴ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። "መቼ?" ስል መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

መርዶ ለሩቅ ሰው በድንገት አይነገርም፤ ልማዱን አውቀዋለሁ። እኔ ግን በመኪና በአንድ ቀን የምደርስ ልጅ ነበርኩ።

ቆቦ ስደርስ እህቴ ድንኳኑ በር ላይ ተቀበለችኝ። ተቃቅፈን ካለቀስን በኋላ "ለምን?" አልኳት።

"አንቺው አይደለሽ? የኮንሰርት ሳምንት እንዳትደውሉልኝ ያልሽው።"

"ለሞትም?"

"ለሞት ሲሆን ደውሉ አላልሽም።"

ብያለሁ። እህቴ ልምምድ መሀል እየደወለች ስለ ማሽላው ዝናብና ስለ ሰው ሠርግ ስታወራኝ መሮኝ ነው ያልኩት። እናቴም ያንን ሰምታ መደወል ተወች። እህቴ ይህንንም ነገረችኝ፤ ሳልጠይቃት።

እናቴ ሥራዬን ለመረዳት የሞከረች ሰው ነበረች። አንድ ጊዜ መጥታ አይታኝ ስትመለስ ለጎረቤቶቿ "ሰው ጠርታ ጀርባዋን ትሰጣለች። ዱላ ይዛለች፣ የምትመታው ሰው ግን የለም" እያለች ስታስቃቸው ከርማለች።

ሩቅ ያለ ልጅ ሲደርስ ለቅሶ እንደገና ይሞቃል። ሴቶቹ ከበቡኝ። ሙሾ የምታወጣው አሮጊት ጎረቤታችን ጀመረች፤ ሌሎቹ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏት። ከዚያ አንዷ "ዘፋኟ ልጇ መጥታለች፣ እሷ ታውጣላት" አለች።

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ለአዳራሽ የተገራው ድምፄ ነው፤ ክብ፣ ሙሉ፣ ቃል የሌለበት። ስለ እናቴ አንድ ስንኝ መግጠም አልቻልኩም። ሴቶቹ ጥቂት አዳመጡኝና ሁሉም በየፊናቸው ማልቀስ ጀመሩ። ድምፁ ተደበላለቀብኝ። ሳላስበው እጄን አነሳሁ፤ ሙዚቀኞቹን ዝም ሳሰኝ እንደማደርገው ጣቶቼን ጨበጥኩ።

ድንኳኑ ጸጥ አለ።

"የእናቷን ለቅሶ ታስቆማለች እንዴ?" አለች አንዲት ሴት።

እህቴ ቀና እንኳ ሳትል "ተዉአት፣ ለምዶባት ነው። እኛንም እንዲሁ ነው የምታደርገን" አለች።

አሮጊቷ ጎረቤታችን መጥታ እጄን ያዘችና ወደ ደረቴ አወረደችው። "እዚህ ነው ልጄ፣ እዚህ ምቺው" አለችኝ። መታሁ። ለቅሶው ቀጠለ፤ እኔ ግን ዓይኔ ደርቆ ነበር። ሁሉም አይተውታል።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ መቃብር ላይ ቆምኩና ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ ጎብዬ ስንደርስ እህቴ ደወለች፤ አላነሳሁም። ለአርባዋ ልምምድ አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ልምምድ አልነበረኝም። ተዝካሩን እህቴ ብቻዋን አወጣች።