ኪልበርን ውስጥ የተነፋው ፊሽካ

ባለፈው ሳምንት ለንደን፣ ባተርሲ ፓርክ ውስጥ ልጄን ብስክሌት ሳለማምድ ያ ድምፅ ከኋላዬ መጣ፤ መጀመሪያ አስፋልት የሚወጋ ዱላ፣ ቀጥሎ የትናንሽ ጎማዎች ሽውታ፣ ከዚያ እንደገና ዱላ። ገና ዞሬ ሳላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ እጄ አባዬ እጅ ውስጥ ነበር፣ አባዬ አንገት ላይ ደግሞ ያ የናስ ፊሽካ ተንጠልጥሎ ነበር።

አባዬ ደብረ ብርሃን የስፖርት መምህር ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ጥሎ ሲወጣ ከሥራ ዕቃው ይዞት የመጣው ፊሽካውን ብቻ ነው። እኔና እማዬ ተከትለነው ብሪክስተን ካውንስል ቤት፣ እንደ እኛ አገር የቀበሌ ቤት ማለት ነው፣ ስንገባ፣ የተማሪዎች ሰልፍ በአንድ ትንፋሽ ጸጥ ያደርግ የነበረው ሰው ባተርሲ አንድ ቢሮ ውስጥ ወለል ያጸዳ ነበር። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር «ምን ይላል?» እያለ ወደ እኔ ያቀብለኛል፤ ስልክ ሲደወልም ሳይመልስ ወደ ጆሮዬ ይለጥፈዋል። ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ካውንስል፣ የትም ቦታ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ይሰለቸኝ ነበር።

እማዬ ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ አባዬ ጠዋት ቢሮውን ሲያጸዳ ይዞኝ ይሄድና፣ ሲጨርስ ፓርኩን አቋርጠን አውቶቡስ እንይዝ ነበር። አንድ የበጋ ቅዳሜ አንዲት ረጅም ሴት እግሯ ላይ ጎማ የተገጠመለት ሸርተቴ አስራ፣ በሁለት ዱላ አስፋልቱን እየወጋች ሽው ብላ አለፈችን። አባዬ ቆመ። ሰዓቱን አየ። በሦስተኛው ዙር ላይ፣ «ይቺ ልጅ ገና ስትነሣ ጉልበቷን ትጨርሳለች፤ ሂጂ ንገሪያት» አለኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ! ግን የአባት ትእዛዝ ነው፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄጄ ነገርኳት።

አልተቆጣችም፤ ዱላዋ ላይ ተደግፋ ሳቀች። ኢንግሪድ ትባላለች፣ ኖርዌያዊት ናት፣ ሥራዋ በረዶ ላይ በሸርተቴ አጭር ርቀት መወዳደር ነው። ጉልበቷን ተጎድታ ከአገሯ ቡድን ስትወጣ፣ ባሏ የሚሠራው ለንደን ስለነበር እዚህ መጥታ ለብቻዋ ትለማመድ ነበር። በረዶው ሲገባ ቡድኑ አንድ ውድድር ብቻ ይሰጣታል፤ እስከ ፍጻሜው ካልደረሰች በቃ፣ አበቃላት። ፊት ፊት እየመራች መጨረሻው ላይ ሁሉም እንደሚያልፏት ራሷ ነገረችን። ይህን ስተረጉምለት አባዬ በረዥሙ ተነፈሰ። «ንፋሱን ሌላ ሰው ይስበርላት፤ እሷ ከኋላ ተደብቃ ትቆይና ጊዜው ሲደርስ ትውጣ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜያችን ሁሉ የኢንግሪድ ሆነ። ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ እርጥቡ አስፋልት ላይ እያዳለጣት ስትመጣ አባዬ የመንገዱ ዳር ቆሞ «ቆዪ፣ ቆዪ፣ ቆዪ!» ይላል፤ ከዚያ ፊሽካውን ይነፋል፣ እሷም እንደተለቀቀ ጥይት ትወረወራለች። ፊሽካው ለንደን ላይ መጀመሪያ የተነፋ ቀን ርግቦቹ ከሣሩ ተነሡ፣ ውሻ የሚያንሸራሽሩትም ዞረው አዩን፤ አባዬ ግን ደረቱን ነፍቶ ቆሞ ነበር። እንደዚያ ቆሞ ካየሁት ዓመት አልፎኝ ነበርና ደስ አለኝ።

እማዬ መጀመሪያ ላይ አልተዋጠላትም። «በረዶ በሥዕል እንጂ አይቶ የማያውቅ ሰው የበረዶ አሰልጣኝ ሆነልሽ!» እያለች ታሾፍበት ነበር። አንድ እሑድ ኢንግሪድን ምሳ ጠርተናት፣ ሦስት ጊዜ ሽሮ ስታስጨምር ካየችና አባዬን «ጋሼ» ስትለው ከሰማች በኋላ ግን እማዬ አንጀቷ ተበላ። ልትሸኛት በር ላይ ቆማ፣ «ገብርኤልዬ፣ ይቺ ልጅ ከቀናት ጥላ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች።

«ፕሮቴስታንት ናት እኮ» አላት አባዬ።

«እግሩ የሷ፣ ስለቱ የኔ! ምን አገባህ?»

ኢንግሪድ ወደ አገሯ ከመሄዷ በፊት ወረቀት ላይ መሰላል የመሰለ ነገር እየሣለች የውድድሩን አካሄድ ለአባዬ እንድነግረው አስረዳችኝ። እኔ ግን ቴሌቪዥን ላይ የምወደው ካርቱን ሊጀምር ስለነበር፣ ያን ሁሉ ማብራሪያ «እሑድ ነው የምወዳደረው አለች» ብዬ አሳጠርኩት። ወረቀቱንም አጣጥፌ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ውድድሩን የሚያሳየው ጣቢያ እኛ ቤት ስለማይገባ፣ ኪልበርን ወደሚኖሩት እማማ ለተ ዘንድ ሄድን። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ከሥራ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊት ነበሩ፤ ዲሽ አላቸው፣ ጨዋታም ይወዳሉ። ተወዳዳሪዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ሮጡ። የኢንግሪድም ተራ ደርሶ ሮጠች፤ ሁሉም ሲጨርሱ ከስሟ ጎን የወጣው ቁጥር ሃያ ዘጠኝ ነበር።

እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። አባዬ ተነሥቶ ኮቱን አነሣና አንዱን እጅጌ አጠለቀ። «ምነው፣ ሻይ እንኳ ሳትጠጡ?» አሉ እማማ ለተ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ» አለ፣ ዓይናቸውን ሳያይ። እኔም ኮቴን ስለብስ እጄ ወረቀቱን ነካ።

«አባዬ… አላለቀም» አልኩ። ወረቀቱን ዘርግቼ፣ እያለቀስኩ ተናዘዝኩ፤ ይሄ ማጣሪያ ነው፣ ሠላሳ ሰው ያልፋል፣ ከዚያ ስድስት ስድስት እየሆኑ ይሮጣሉ፣ ነግራኝ ነበር፣ አልነገርኩህም። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ኮቱ በአንድ ትከሻው ላይ እንደተንጠለጠለ ተመልሶ ተቀመጠ። «እህ፣ ሃያ ዘጠኝም ያልፋል?» አለ።

አለፈች! ከዚያም አንዱን ዙር ሁለተኛ፣ ቀጣዩንም ሁለተኛ ሆና ፍጻሜው ውስጥ ገባች። ቡድኑ የጠየቃት ይኸው ነበርና እማዬ እልል አለች፤ አባዬ ግን ገና ወንበሩ ጫፍ ላይ ነበር። ስድስቱ ሲነሡ ኢንግሪድ ስድስተኛ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ አሁንም ስድስተኛ።

«ቆዪ» አለ አባዬ።

«ምን ቆዪ ትላለህ! ጥለዋት ሄዱ እኮ!» እማዬ ጮኸች።

«ቆዪ… ቆዪ…» ዳገቱ አለቀ። አባዬ ብድግ ብሎ ፊሽካውን ነፋው፤ እማማ ለተ ቤት፣ በአራት ግድግዳ መካከል፣ ባለ በሌለ ትንፋሹ! በዚያችው ቅጽበት ኢንግሪድ ከሰልፉ ወጣች። አንዷን፣ ሁለቷን፣ ሦስቷን አለፈች፤ ቀጥታው ላይ አራተኛዋን፣ መስመሩ ላይ እግሯን ወደ ፊት ወርውራ አምስተኛዋን! ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ወለሉን ደበደቡት፣ እማማ ለተ ደግሞ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን መልሰው ደበደቡላቸው።

ማታ ቤታችን ስንገባ ስልኩ ጮኸ። አባዬ አነሣው። «ጋሼ! ቆዪ! ቆዪ!» የሚል፣ ሳቅና ለቅሶ የተቀላቀለበት የኢንግሪድ ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁ፤ አባዬ ግን ስልኩን አላቀበለኝም። «ዩ ዌይት» አላት፣ እንባው እየወረደ፣ «ቬሪ ጉድ! ዩ ዌይት!»

ጸደይ ሲመጣ ኢንግሪድ መጥታ፣ የእማዬን ነጠላ ተከናንባ፣ የስለቱን ቀይ ጥላ ራሷ ተሸክማ ቤተ ክርስቲያናችን ገባች። ከቁመቷ የተነሣ ጥላው በሩ ላይ ተይዞ ስትታገል፣ ሴቶቹ በሳቅና በእልልታ ተቀበሏት። ከዚያ በኋላ አራት ክረምት ለአገሯ ተወዳደረች፤ ደጋግማ አሸነፈች፣ ገና ማሸነፍ ሳያቅታት በገዛ ፈቃዷ አቆመች። አባዬም በዚያው ጸደይ የሠፈራችንን የልጆች ሩጫ ቡድን ለማሰልጠን አፕላይ አደረገ፤ ፎርሙን መዝገበ ቃላት ይዞ ራሱ ሞላው፣ ሦስት ቀን ፈጀበት።

ዛሬ የትኛውንም ውድድር፣ ማጣሪያውን ሳይቀር፣ ስልኬ ላይ አያለሁ፤ ምንም የማይገባኝ ነገር የለም፣ እንደዚያ ቀን ግን ከወንበሬ ተነሥቼ አላውቅም። ደብዳቤ ሲመጣ አባዬ መነጽሩን አድርጎ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ለብቻው ያነባል። አሁን ከትከሻው ኋላ ቆሜ «ምን ይላል?» የምለው እኔ ነኝ። ጣቱን ከፍ አድርጎ፣ ቀና ሳይል፣ «ቆዪ» ይለኛል፤ እኔም እቆያለሁ።