የዳኛው ጣት

ነጭ ካፖርት የለበሰው የክሪኬት ዳኛ ስድስት ጠጠሮች ቈጥሮ በግራ ኪሱ ይከታል፤ ኳስ በተወረወረ ቍጥር አንዷን ወደ ቀኝ ያሻግራል። የወርዋሪዎቹን ሹራብ ወገቡ ላይ አስሮ ሲቆም ልብስ የተሰጣበት ግንድ ይመስላል። ጠቋሚ ጣቱ ጠማማ ናት፤ ለዚሁ አውራጃ ቡድን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲጫወት ኳስ ሰብራታለች።

አረጋዊቷ ኤድዊና ብራትል ያንን ዘመን ሁሉ ከዚህችው አግዳሚ ወንበር ተመልክተዋል። ዛሬ አውራጃው ለማሸነፍ ሁለት ነጥብ ሲቀረው፣ መቺ በዱላው ወደሚጠብቃቸው ሦስት እንጨቶች ትገሠግሥ የነበረችው ኳስ በአውራጃው የመጨረሻ መቺ እግር ታገደች። ሕጉ ይህን አይፈቅድም፤ በእግሩ ያገደ መቺ ከጨዋታ ይወጣል።

«ዳኛ፣ እንዴት ነው?» ብለው ተጋጣሚዎቹ ፍርዱን እየጠየቁ ጮኹ።

ዳኛው ጥቂት አሰበና ጠማማዋን ጣት ወደ ሰማይ ቀሰረ። መቺው ወጣ፤ ተተኪ ስለሌለ አውራጃው ተሸነፈ።

«አንተ ከሓዲ! ዳቦአችንን በልተህ!» አለ ከኤድዊና አጠገብ የተቀመጠው ክላይቭ። «ዓይንህን ታከም!»

«አፍህን ያዝ፣ ክላይቭ!» አሉ ኤድዊና። «እሱ ሲጫወት መውጣቱን ካወቀ ዳኛ ሳይጠብቅ በራሱ ይወጣ ነበር። ያኔ እጅህ እስኪቀላ ታጨበጭብለት አልነበር?»

ዳኛው ሹራቦቹን ለባለቤቶቹ መልሶ፣ ቀና ብሎ ወደ መውጫው አቀና። ኤድዊና በምርኵዛቸው ተደግፈው ቆሙለት፤ ክላይቭም እያጕረመረመ ባርኔጣውን አወለቀ።