ፈተናሽን እስክትጨርሺ

እዚህ ጣልያን አገር ሊቼኦ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ስገባ ሳይኮሎጂ የመረጥኩት ሰው ማንበብ የምችል ስለመሰለኝ ነው። አዲስ አበባ ያለው አባቴ በስልክ ይስቅብኝ ነበር። «አሎራ፣ ዶክተር!» ይለኛል፤ «እንግዲህ» ማለት ነው፤ ከእኔ የለቀማት ጣልያንኛ እሷ ብቻ ናት። «እስቲ ዛሬ ምን እንደበላሁ ከድምፄ እወቂ።»

«ሽሮ።»

«ጎበዝ! እሱንማ የሰፈሩ ውሻም ያውቀዋል።»

በመጨረሻው ዓመት፣ ፈተናው ሲቃረብ፣ ስልኩ አልነሳ አለ። ቶር ፒኛታራ የሚባለው ሰፈር አብሬያት የምኖረው አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ «ጠበል ገብቷል፤ እዚያ ስልክ አያስይዙም» አለችኝ። ወገቡን ያመው ስለነበር አመንኳት።

በዚያው ሰሞን አስተማሪያችን «ከቤታችሁ አንድ ሰው ምረጡና ሁኔታውን ተከታተሉ» አለችን። አክስቴን መረጥኩ። ከምታጸዳው ቢሮ ስትመለስ ቀጥታ ባኞ ትገባና ውሃውን ከፍታ ትቆያለች። በዚያ ሙቀት ሻሿን ከራሷ አታወርድም። ለእኔ ታቀርባለች፣ እሷ አትበላም። ሳወራት ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ሁሉንም አየሁ፣ አንድም አላመለጠኝም። ክፍል ውስጥ ቆሜ ምን አልኩ? «የሥራ ጫና ነው።» አስተማሪዋ «ብራቫ» አለችኝ።

የቃል ፈተናውን ጨርሼ ስወጣ አክስቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። አቅፋኝ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የደስታ መሰለኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ደረጃውን ሞልተውታል። እኛ ጋ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ይህን ለማወቅ ሳይኮሎጂ አያስፈልግም።

«ማን ነው?» አልኩ።

«አይዞሽ ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም! ማን እንደሆነ ይንገሩኝ፣ አባ!»

እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ አክስቴ ሻሿን ገፈፈችው። ፀጉሯን ለወንድሟ ቆርጣዋለች። ተቆርጦም ማቆጥቆጥ ጀምሯል። አባቴ ትናንት አልሞተም።

ጮህኩ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ የወጣልኝ ቃል «መቼ?» የሚል ነው።

«ፈተናሽን እስክትጨርሺ ብለን እኮ ነው፣ የኔ እናት» አለች አክስቴ። « እሱስ ቢሆን ይሄንኑ አልነበር የሚመኘው?»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»

ሴቶቹ አብረውኝ አለቀሱ፣ ኋላ ግን ሥራ አለባቸውና አንድ በአንድ ወጡ። አክስቴ ልታለቅስልኝ ሞከረች። እንባው እምቢ አላት፤ ባኞ ውስጥ ጨርሳዋለች። እኔ ልጀምር ስል እሷ ጨርሳለች። በአንድ ቤት፣ ለአንድ ሰው፣ ለየብቻችን አለቀስን። እንደምትወደኝ አውቃለሁ፣ ግን ይሄ አይወጣልኝም።

«አዲስ አበባ ለቅሶው ላይ ምን ተባለ?» አልኳት ሁለታችን ብቻ ስንቀር።

«ብዙ ሰው ነበር አሉ። አልቃሿ አንቺን ጠርታ ለቀስተኛውን አንሰቀሰቀችው።»

«ምን ብላ?»

«ተይ አሁን።»

የማላውቃቸው ሰዎች «ልጁ ሳታየው» ብለው ደረት ሲመቱልኝ፣ እኔ ትሬኒኖ፣ የሰፈራችን ትንሽ ባቡር፣ ላይ ተቀምጬ ስለ ሐዘን ደረጃዎች ሳጠና ይሆናል። ምናልባትም ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ስስቅ።

«ምን ብላ?» አልኳት ደግሜ።

ተነስታ ምድጃውን ለኮሰችና «ቁርስ ብዪ» አለችኝ።