የማይወርደው መስመር

የማርከር ሽታ ያቅለሸልሸኛል። ትናንት ልጄ የቤት ሥራዋን ልትሠራ ወለሉ ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግታ የቀዩን ማርከር ክዳን ስታነሳ፣ ያ የሚያቃጥል ሽታ ቤቱን ሞላው። የክፍሏ ልጆች የሚወዱትን ፍራፍሬ በግራፍ እየሣለች ነበር። «እማ፣ ሙዙን ትንሽ ባስረዝመው ማን ያውቅብኛል?» አለችኝ እየሳቀች። ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ዝናቡ አባርቶ ስለነበር የእርጥብ አፈር ሽታ ገባ፤ የማርከሩን ግን አላስወጣልኝም።

አንቺም ወዳጄ፣ ባለፈው ግራፍ መሥራት ደስ ይለኛል ስትዪኝ ፊቴን ያጠቆርኩብሽ ለዚህ ነው። እኔንም ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር የብራና ጸሐፊ ነበሩ። ብራናውን በወስፌ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አድርገው፣ ቀለም ሳያስነኩ ያሰምሩታል፤ መስመሩ ከዓይን ይልቅ በጣት ይታወቃል። ከጎናቸው ተቀምጬ ስላደግኩ ቀጥ አድርጎ ማስመርን ከፊደል በፊት ነው የተማርኩት። ሲጽፉ ቃል ከዘለሉ አይሸሽጉትም። ከመስመሩ በላይ ትንሽ ምልክት ያደርጉና የዘለሉትን ከገጹ ጠርዝ፣ ከኅዳጉ ላይ ይጽፉታል። አንድ ቀን «አባባ፣ ገጹ አይበላሽም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ገጹ ቢያምር የሚደሰተው ጸሐፊው ነው። ቃሉ ቢጎድል የሚጎዳው የሚጸልይበት ነው» አሉኝ።

ከኮሌጅ ወጥቼ ስማዳ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ስመደብ የእንጨት ማስመሪያቸውን ሰጡኝ። በየወሩ በየቀበሌው የተከተቡትን ሕፃናት በትልቅ ወረቀት ላይ መሣል የእኔ ሥራ ሆነ። ለእያንዳንዱ ወር አንድ ነጥብ አደርግና ነጥቦቹን አገናኛለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳው ላይ ስታርፍ፣ ረግጫቸው የማላውቃቸው ቀበሌዎች ሲያወሩኝ ይመስለኝ ነበር። አንዷ ደህና ነኝ ትላለች፤ አንዷ ዘንድሮ ደከመኝ ትላለች። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ የወደድኩት ሥራ የለም።

ከገደሉ ማዶ ያለችው ቀበሌ መስመር ግን ከጥቅምት ጀምሮ ቁልቁል ወረደ። እዚያ ፍሪጅ የለም። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ክትባቱን ከእኛ ዘንድ በበረዶ ሣጥን ትወስድና ገደሉን ወርዳ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ዳገቱን ትወጣለች። ቆላው ሲግል በረዶው ከመድረሷ በፊት ይቀልጣል። ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ የመጡ እናቶች ሳያስከትቡ ይመለሳሉ፤ ሁለት ጊዜ የተመለሰች እናት ሦስተኛ አትመጣም።

ያቺ ሠራተኛ አንድ ቀን ከግራፉ ፊት ቆማ ብዙ አየችው። ታፍራለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ክንዴን ጨብጣ፣ «እቴ፣ ይችን መስመር እንዳትነኪብኝ። እኔ ስጮኽ ያልሰሙኝ ይችን ሲያዩ ይሰማሉ» አለችኝ። በዚያ ሳምንት ከእርዳታ ድርጅት እንግዶች ሊመጡ ነበር። በፀሐይ የሚሠራ አንድ የክትባት ፍሪጅ አላቸው፤ ለየትኛዋ ቀበሌ እንደሚሰጥ የሚወስኑት ግራፎቹን አይተው ነው።

ከጉብኝቱ በፊት ባለው ቀን ኃላፊያችን ገባ። ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ ግድግዳውን አየ።

«ይኸ ምንድን ነው? እንግዳ ሲመጣብን ገመናችንን ትሰቅያለሽ?»

«ቁጥሩ እኮ ነው» አልኩት።

«ቁጥሩንማ እንዳትነኪው! ዋሺ ያለሽ አለ? ደምሪው ብቻ።»

የኅዳሩን ከጥቅምቱ ላይ፣ የታኅሣሡን ከሁለቱ ላይ እየደመርሽ ስትሥዪው መስመሩ መቼም አይወርድም። አንድ ሕፃን ብቻ የተከተበበት ወር እንኳ ወደ ላይ ይወጣል። «ወሮቹንም ጠጋ ጠጋ አድርጊያቸው፤ ዳገት ይምሰል» አለና የክብሪቱን እንጨት ከእግሬ ሥር ጥሎት ሄደ።

ልንገርሽ፣ አላስፈራራኝም። አልተቆጣኝም። እምቢ ብል የሚያባርረኝ ሰው አልነበረም። የአባቴን ማስመሪያ አውጥቼ ማታውን ሙሉ ተጠበብኩበት፤ አንድም የሐሰት ቁጥር አልጻፍኩም። ስጨርስ ራቅ ብዬ አየሁትና ደስ አለኝ። አማረልኝ! ሳስበው ዛሬም ምራቄን ትፍ ማለት ያሰኘኛል።

እንግዶቹ የቀረበላቸውን የፍየል ጥብስ በልተው፣ የእጃቸው ቅባት ሳይደርቅ ገቡ። አንደኛው በቅባታም ጣቱ ቀዩን መስመር ተከትሎ እስከ ጫፉ ወጣና፣ «ይቺማ ያለ ፍሪጅም እየገሠገሠች ነው። ለደካሞቹ ብንሰጥ ይሻላል» አለ። ያቺ ሠራተኛ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ግራፉን አየችና፣ «ይኸ የእኔ ቀበሌ አይደለም» አለች።

«አያችሁ ትሕትናዋን!» አለ ኃላፊው።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ፍሪጁ ቀድሞም መንገድና መብራት ወዳላት ቀበሌ ሄደ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እዚያ ቀበሌ ጠርቶ የመጣው ኩፍኝ ነበር። በጋው ሳይወጣ አንዲት እናት ሴት ልጇን አዝላ ደረሰች። የልጅቱ ፊትና ደረት በሽፍታ ተሸፍኗል፤ ዓይኖቿ በዓይን ኩስ ተጣብቀዋል፤ የትኩሳቷ ላብ የታዘለችበትን ነጠላ አርጥቦት ኮምጣጣ ሽታ ነበረው። ዓይኖቿን በጨው ውኃ ሳጥብ አልቅሳ ትንሽ ጣቶቿን ከአውራ ጣቴ ላይ ጠመጠመች። ነፍሷ ተረፈች። ዓይኖቿ አልተረፉም። እናትየው በምርቃት ተሰናበተችን፤ «እጃችሁ ይባረክ» ብላ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ያኔ ገባኝ፤ የበላሁት እኔ፣ የተመታችው የአንድ ዓመት ሕፃን። ያቺ ሠራተኛ ግን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ሰላምታዋን ብቻ አሳጠረች።

በዚያው ሰሞን አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ግራፉ ገና እንደተሰቀለ ነበር፤ ላወርደው አስቤ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር እንደ ብራና መስመር በጣታቸው ዳሰሱት። የእንግዳው ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ ቅባቱ ደርቆ ወዝቶ ነበር፤ የአባቴ ጣት በዚያው ላይ አለፈ። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ጠርዝ ተጠግተው ግራና ቀኙን መረመሩ።

«ቀጥ ያለ እጅ ነው። ኅዳጉም ንጹሕ ነው» አሉ። «አንድ እንኳ አልዘለልሽም፣ ልጄ።»

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው።

ይዘውት ሄዱ። ከቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ሰቀሉት። ለመጣው ሁሉ «የልጄ እጅ ነው» ይሉ ነበር። ሲያርፉም ወረቀቱ እዚያው ነበር። ለልቅሶ የመጡት ከሥሩ ተቀምጠው ስለ እሳቸው ቅንነት ሲያወሩ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ያቺ ሠራተኛም ከስማዳ ድረስ በእግሯ መጥታ ነበር። ቀና ብላ ግራፉን አወቀችው። «እግዜር ያጥናሽ» አለችኝና መቀመጫዋን አዙራ ጀርባዋን ሰጠችው።

ወረቀቱ ዛሬ ተጠቅልሎ ከአልጋዬ ሥር አለ። ትናንት ልጄ ስትተኛ አውጥቼ ዘረጋሁት። ቀዩ ደብዝዟል፤ ሽታው ጠፍቷል፤ የጣቱ ቅባት ግን ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። የልጄን ማርከር አነሣሁ። አባቴ እንዳስተማሩኝ፣ ከመስመሩ በላይ ትንሽ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ የዘለልኩትን ልጽፍ ወደ ኅዳጉ መጣሁ።

ማርከሩ እስኪደርቅ ድረስ ክዳኑን እንደከፈትኩ ተቀመጥኩ። የዚያችን ዓይኗ የጠፋ ሕፃን ስም ጠይቄ አላውቅም።