ድራቸውን ጥለው የሚወጡ

ሰፈሩ በሙሉ «እንጉዳይዋ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ዳቦ ጋጋሪው ነው። መጀመሪያ ትንሽ ኮረፍ ብላ ነበር፤ ኋላ ግን ስልክ ስታነሳ ራሷ «አቤት፣ እንጉዳይዋ ነኝ» ማለት ጀመረች። ስሙ ደግሞ አይበዛባትም። ቀኗን የምታሳልፈው ደረጃ ተወርዶ በሚገባበት አሮጌ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ስትወጣም የራሰ ጭድ ሽታ አብሯት ይወጣል። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ገና ሳያያት «ዝናብ ጣለ እንዴ?» ብሎ በመስኮት ይመለከታል።

ከዚያ በፊት የሆቴል ልብስ አጣቢ ነበረች። የሰው አንሶላ ስትተኩስ ወጣትነቷ አለቀ፤ መሀል ላይ አንድ ባል መጥቶ ሄዷል፤ ስለ እሱ ብዙ የሚወራ ነገር የለም። ሆቴሉ ሲዘጋ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን የዘይት መጋዘን የነበረውን ምድር ቤት ተከራየችና እንጉዳይ ማብቀል ተማረች። ጭዱን በበርሜል ትቀቅላለች፤ ሲቀዘቅዝ ከእንጉዳይ ዘር ጋር እያፈራረቀች በረጃጅም የላስቲክ ከረጢት ትጠቀጥቀዋለች፤ ከረጢቱን በሲባጎ ከጣሪያው ብረት ላይ ታንጠለጥለዋለች። ከዚያ ውሃ እየረጩ መጠበቅ ነው። አንድ ጠዋት ስትገባ ከየከረጢቱ ቀዳዳ ጆሮ የመሰለ ነገር ብቅ ብሎ ያዳምጣታል። ብቻዋን ታወራለች እያሉ የሚያሟት ሰዎች ተሳስተዋል። ያን ሁሉ ጆሮ አንጠልጥሎ ማን ዝም ይላል?

ሸረሪቶቹን እሷ አላመጣቻቸውም። እንጉዳይ ያለበት ምድር ቤት ትንንሽ ዝንብ አይጠፋውም፤ ዝንቡን ፍለጋ እነሱ ራሳቸው መጡ። ድር ያደሩበትን ጥግ መጥረጊያ አታስነካውም። «ሠራተኞቼ ናቸው» ትላለች፤ «አያረፍዱ፣ አያሙኝ።» ከእያንዳንዱ ከረጢት በላይ አንዲት ባለ ረጅም እግር ሸረሪት ቤቷን ሠርታ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ንቅንቅ የለም። ውሃው ሲረጭ ድሩ ያብረቀርቃል፤ አንዳንዴ ሥራዋን ትታ ቆማ ታየዋለች።

አባቷ ቁልፍ ሠሪ ነበር። «ነበሩ» ማለት ይገባን ይሆናል፤ ግን እሷ አባቷን አንተ እያለች ያደገች ልጅ ናት፤ እኛም በእሷ አፍ እንጥራው። የመርሳት ሕመም ሲይዘው ቤቷ አመጣችው። መጀመሪያ የዕለቱን ስም ረሳ፤ ቀጥሎ የጎረቤቱን። አንድ ቀን ሾርባ ስታቀርብለት ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ይቀመጡ እንጂ፤ ለምን ይደክማሉ?» አላት። የቀለደባት መስሏት ሳቀች። ፊቱን ስታይ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ እሷን «እርስዎ» ከማለት ወደኋላ ብሎ አያውቅም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አባት ልጁን አንቱ ሲል ምን ያህል ሩቅ እንደሚገፋት የደረሰበት ያውቀዋል።

ይባስ ብሎ መሄድ ጀመረ። ሲመሻሽ ኮቱን ይለብሳል፤ ባርኔጣውን ያደርጋል፤ «በሉ እንግዲህ፣ ቤቴ ልሂድ» ይላል።

«አባዬ፣ ቤትህ እኮ ይሄ ነው።»

ዙሪያውን ያያል። ሰውን ላለማስቀየም የሚጠነቀቅ እንግዳ እንደሚያደርገው ፈገግ ይላል። «ቤትዎ በጣም ያማረ ነው» ይላታል፤ «የእኔ ግን አይደለም።»

በሩን ቆለፈች። እንግዲህ ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። የልጁን ፊት የረሳው ሰው ጣቶቹ ምንም አልረሱም። ጓጉንቸሩን በሹካ ጥርስ ደባብሶ ከፈተው። ሱቅ ሄዳ ሻጩ «ይህን የሚከፍት ሌባ አልተወለደም» ብሎ የማለበትን ቁልፍ ገዛች። ሻጩ ስለ ሌባ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም፤ ስለ አባቷ ግን ማን ነግሮት? እሱ ከፍቶት ብቻ አላበቃም፤ «ምላሱ ደርቋል፤ ማነው እንዲህ ያበላሸው?» እያለ በዘይት አለስልሶት፣ በሩን መልሶ ገጥሞ ሄደ። አመሻሹ ላይ ከአውራ ጎዳናው መሀል አገኙት። መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ በግራ በቀኙ ያልፋሉ፤ እሱ ባርኔጣውን እያነሳ ሰላምታ ይመልሳል።

መልሳ ያመጣችው ጎረቤቷ፣ ክፋት ሳይኖርባት፣ «ምን ብታደርጊው ነው እንዲህ የሚሸሽሽ?» አለቻት። ይህች ቃል ገብታ ቀረች። እንጉዳይዋ ከረጢት ስትሞላም፣ ስትተኛም ያው ጥያቄ ነው። የሰው ቤት ሳይሆን የልጁን ቤት ነው የጠላው። ሆድ ባሳት።

የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ታላቅ ወንድሟ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ነገሩን ሲሰማ ደወለ።

«እኔ ዘንድ ይምጣ» አላት። «የግቢዬ በር ብረት ነው፤ ከውጭ በመቀርቀሪያ ይዘጋል። መቀርቀሪያ ቁልፍ የለውም፤ ቁልፍ የሌለውን ነገር በምን ይከፍተዋል?»

«ወንድምዓለም፣ አባዬ እኮ እስረኛ አይደለም።»

«መኪና ገጭቶት ከምንቀብረው ይታሰር። ቅዳሜ መንገዴ በእናንተ በኩል ነው። እስከዚያ ቁርጡን ንገሪኝ።»

ቁርጡን መናገር አቃታት። እሺ ብትል አባቷ ቀሪ ዕድሜውን የብረት በር እያየ ይጨርሳል፤ እምቢ ብትል አንድ ቀን ጎዳናው ይበላዋል። ቤት ትታው መሄዱን ስላልደፈረች ምድር ቤት ይዛው መዋል ጀመረች። የተገለበጠ ሳጥን ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ይውላል። እዚያ ሲሆን ረጋ ይላል። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፤ አምፖሉ በእንፋሎቱ ውስጥ ደብዝዞ ይበራል፤ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ቀኑ ያልፋል።

ሸረሪቶቹ እንግዳ ነገር የጀመሩት ያን ሰሞን ነው። አንዷ ድሯን ጥላ ወጣች። ዕድሜ ልኳን ከጨለማው ጥግ ፈቀቅ ብላ የማታውቀው፣ በጣሪያው መሀል ለመሀል፣ አምፖሉ አጠገብ፣ እግሮቿን ዘርግታ ተለጥፋ ተገኘች። በማግስቱ ነጭ ሆነች። በበነጋታው ከጀርባዋ ክር የመሰሉ ነጫጭ ነገሮች በቀሉ። ከዚያ ሌላዋ ተከተለች፤ ከዚያ ሌላዋ። አንዳንዷ በደረጃው ግድግዳ ላይ ወደ ብርሃኑ ስትወጣ በመሀል መንገድ ቆማ ቀርታለች። ባዶ የቀሩት ድሮች ሰው የሌለበት ቤት መጋረጃ መስለው ይወዛወዛሉ። ጣሪያው ዕለት ዕለት እየነጣ ሄደ። እንጉዳይዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትቆም የነቃች አይመስላትም ነበር።

«አበቡ» አለ አባቷ ከሳጥኑ ላይ። «ሸረሪቶቹ አበቡ።»



የእንጉዳይ ዘር በጠርሙስ የምታመጣላት ሴት፣ ወፍራም መነጽር ያላት የላቦራቶሪ ሠራተኛ፣ በዚያው ሳምንት መጣች። መሰላል ላይ ወጥታ አፍንጫዋ ጣሪያውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ አየች፤ ደስ ብሏት ወረደች። ሰው በሻጋታ እንዲህ ደስ ሲለው እንጉዳይዋ አይታ አታውቅም።

«ሻጋታ ነው» አለቻት። «ያው ያንቺው ዘመድ ነው። አንቺ የምታሳድጊው ጭድ ይበላል፤ ይሄኛው ሸረሪት ይበላል።»

«ለሰውስ? አባቴ እዚህ ነው የሚውለው።»

«ሰውን አይነካም፤ እንጉዳይሽንም አይነካም። የሚያውቀው ሸረሪት ነው። ጉንዳን የሚገድልም ዘመድ አለው፤ ዝንብ የሚገድልም አለ።»

«ታዲያ ለምን ቤታቸውን ጥለው ይወጣሉ? የታመመ አርፎ አይተኛም?»

ሴትዮዋ መነጽሯን እየጠረገች ትንሽ አሰበች። «እነሱ አይደሉም የሚወጡት። የሻጋታው ብናኝ ዘር ሸረሪቷ ላይ ሲያርፍ ቆዳዋን በስቶ ይገባል፤ ከውስጥ እየበላት ያድጋል። ሞቷ ሲቃረብ ከተደበቀችበት ያስወጣታል። ገላጣ ቦታ ላይ ከሞተች ነፋሱ ብናኙን ለሌሎቹ ያደርሰዋል። እንዴት እንደሚያደርገው እኛም ጠንቅቀን አናውቅም። ብቻ እግሩ የሷ ነው፤ መንገዱ የሻጋታው ነው።»

ሴትዮዋ ጠርሙሶቿን አስረክባ ሄደች። እንጉዳይዋ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጣ ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች፤ የደስታም ነበረበት። አባዬ ቤቴን አልጠላውም። እሱ አይደለም የሚሄደው፤ ሕመሙ ነው። ከዚያም ዕንባዋን ጠርጋ፣ ነገሩ እንዲህ ከሆነ ለሕመም የብረት በር ሆነ የእንጨት በር ምን ለውጥ አለው ብላ ለወንድሟ ደወለች። «ቅዳሜ ና፤ ውሰደው» አለችው። እኔ ብኖር ኖሮ ያን ስልክ ከእጇ ነጥቄ እወረውረው ነበር። እንዲህ ደህና አድርጎ የሚያጽናና ነገር ሁልጊዜ ያስፈራኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ጭጋግ ወረደ። ከመስኮቱ ማዶ መንገዱም፣ ዛፉም፣ የዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫም የለም። የአባቷን ሹራብ፣ ካልሲና የጢም መላጫ በሻንጣ እያስገባች ሳለ በሩ ቀጭ ሲል ሰማች። አልጮኸችም። እስከ ዛሬ ሮጣ እየጎተተች መለሰችው እንጂ ሕመሙ የት እንደሚወስደው አይታ አታውቅም። ነጠላ ጫማዋን እንደተጫማች ተከተለችው።

እየባዘነ አልነበረም። ይህ ነው ያስገረማት። እንዳረፈደ ሰው ይፈጥናል፤ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ግራ ቀኙን ያያል፤ አንገቱን ነቅንቆ ይመርጣል። ጭጋጉ እያንዳንዱን በር ከፊቱ አውጥቶ ከኋላው መልሶ ይውጠዋል። ኮቱ አንዴ ይታያታል፤ አንዴ ይጠፋባታል። ትንሽ እንደሄዱ ደከመውና ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ስትደርስበት ባርኔጣውን አነሳላት።

«ይቅርታ እህቴ፤ መንገዱ ተምታታብኝ። እርስዎ የዚህ ሰፈር ሰው ነዎት?»

አባዬ እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን አላለችም። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ በቆመበት ቆመችለት።

«አዎ፣ የዚሁ ነኝ። ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ ቤቴ። መሸብኝ።»

«ቤት ማን አለ?»

«ልጄ አለች» አለ፤ ፊቱ በራ። «እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን። ወንድሟን አጎቱ ወስዶታል። ሱቄን ዘግቼ እስክመጣ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቀኝ። ጨለማ ትፈራለች። አልፈራም ትላለች እንጂ ትፈራለች።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ያረፍኩበት ቤት አንዲት ሴት አለች። በጣም ደግ ናት። ሾርባ ትሠራልኛለች። ግን በሩን ትቆልፍብኛለች። ልጅ እንዳለኝ አታውቅም መሰለኝ። ብነግራት ትከፍትልኝ ነበር።»

ግድግዳውን እሷም ያዘች። የልቅሶ ድምፅ እንዳይወጣት ከንፈሯን ነከሰች፤ ቢሆንም ወጣት። እሱ ደንግጦ መሐረቡን አውጥቶ ሰጣት።

በዚህ መሀል የጭነት መኪናው መብራት ከጭጋጉ ወጣ። ወንድሟ አጠገባቸው አቆመና ከመስኮቱ ብቅ አለ።

«አገኘሽው? ተመስገን። በይ አስገቢው።»

«አይገባም።»

«ውሰደው አላልሽኝም እንዴ?»

«ብያለሁ። ተሳስቼ ነው። አይሄድም ወንድምዓለም፤ ልጁ ትጠብቀዋለች።»

ወንድሟ አባቱን አየ፤ እሷን አየ። ነገሩ ገባው ወይስ የእህቱ ፊት አስፈራው እንጃ፤ ብቻ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። «ነገስ ሲወጣ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ነገም አብሬው እወጣለሁ። አሁን አንተ ክንዱን ያዘውና በዚህ በኩል ቀስ ብላችሁ ኑ። ቀስ ብላችሁ፣ እሺ?»

ሮጠች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ነጠላ ጫማ፣ በዳቦ ቤቱ ፊት ስትበር ጋጋሪው ዱቄት በእጁ እንደያዘ ወጥቶ አያት። ቤቷ ደርሳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከዚያ ደፉ ላይ፣ ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ፣ ጉልበቷን አቅፋ ቁጭ አለች። ልቧ ይመታል። ጭጋጉ ውስጥ የሁለት ሰው ኮቴ ይሰማል፤ አንዱ ይጎተታል፤ አንዱ ይጠብቀዋል።

አባቷ የመጨረሻውን ማዕዘን ዞሮ አያት። የወንድ ልጁን ክንድ ለቀቀ። የቀረችውን መንገድ ብቻውን መጣና፣ ባርኔጣውን ሳያነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ጸጉሯን ዳሰሳት።

«ቆየሁብሽ አይደል?» አላት። «ፈራሽ እንዴ?»

«ትንሽ» አለችው።