ሚኒባሱን የሸፈነው ሐረግ

ልጅ ሳለሁ፣ ነቀምቴ፣ ጨለለቂ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በኦቦ ገለታ ግቢ ከኋላ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። እናቴ ደግሞ አጎራባች ከተማ ጉቴ የምታስተምር መምህርት ነበረች። ኦቦ ገለታ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጆቻቸው አድገው በየአቅጣጫው የሄዱባቸው ረጅም ሽማግሌ ናቸው። አንድ ሚኒባስ ነበራቸው፤ ራሳቸው እየነዱ ከነቀምቴ ጉቴ ሲመላለሱ ይውላሉ፤ እናቴንም በየጠዋቱ ከደጃችን አሳፍረው የሚወስዷት እሳቸው ነበሩ።

ስምንት ዓመቴ ላይ፣ ሰኔ ውስጥ፣ የፈተና ሰሞን፣ ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ሲነጋም ባላባራበት ጠዋት ያ ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ በጎኑ ወደቀ። የሞተ ሰው አልነበረም። የእናቴ የጭን አጥንት ተሰበረ፤ አብራት የነበረች አንዲት ተማሪዋ እጇ ተሰበረ፤ ሌሎቹ በጭረትና በድንጋጤ ተረፉ። እናቴ ሆስፒታል ሰንብታ ወደ ቤት ስትመለስ ሚኒባሱ ቀድሟት ተጎትቶ መጥቶ ነበር። የትራፊክ ፖሊስ ምርመራ እስኪያልቅ ማንም እንዳይነካው ታዟል። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ያቆሙት ከእሷ መኝታ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ ጣሪያው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የፊት መስታወቱ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኗል፣ አንድ በሩ በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ያቃስታል።

እናቴ በመጀመሪያው ቀን አየችውና «መስኮቱን ዝጉልኝ» አለች። ዘጋንላት። ከዚያ በኋላ ያ ክፍል ጨለማ ሆነ። እግሯ እንደልቧ ስለማያገላብጣት ፊቷን ብቻ ወደ ግድግዳው መልሳ ትተኛለች። ውኃ ስጡኝ፣ ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ ከማለት በስተቀር አታወራም። እኔ ሕመሙ ነው ብዬ አስብ ነበር።

ሰፈሩ በሙሉ ሊጠይቃት መጣ። የአባቴ አገር ሰዎች መጡ፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች መጥተው በኦሮምኛ ጸለዩላት፣ ተማሪዎቿ ከጉቴ ድረስ በእግራቸው መጡ። ከደጃችን ሃያ እርምጃ የማይርቁት ኦቦ ገለታ ብቻ አልገቡም። ጠዋት ጠዋት አንድ ጠርሙስ ወተት ደጃፋችን ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። አባቴ ሰላምታ አልነፈጋቸውም፤ ግን ድሮ ስለ ከብቱም ስለ ልጆቹም ስለ ዝናቡም እያነሳ የሚያረዝመው ሰው አሁን «አካም» ብሎ ያልፋቸው ጀመር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ገለታ በሚኒባሱ ዙሪያ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አገኘኋቸው።

«ምን እየተከሉ ነው?» አልኳቸው።

«መጋረጃ።»

«መጋረጃ ይበቅላል እንዴ?»

«በዚህ ዝናብ የማይበቅል ነገር አለ ኢንተሎ?» አሉኝ። ኢንተሎ፣ ልጅት እንደማለት ነው፤ ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም።

ሦስት ዓይነት ነገር ተከሉ። ከፊት በኩል የዱባ ፍሬ፣ በጎንና በጎኑ ረጅሙን ቦሎቄ፣ በመስኮታችን አንጻር ደግሞ ከወንዝ ዳር ከነሥሩ ነቅለው በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ያመጡትን ሰማያዊ አበባ ያለው የዱር ሐረግ። ከዚያ ቀርቀሃ ሰንጥቀው በሚኒባሱ ዙሪያ አቆሙ፣ ከቀርቀሃው ወደ ጣሪያው ሲባጎ ወጠሩ። ቆርቆሮው ላይ አሮጌ ጆንያ ሲያነጥፉ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ፀሐይ ስትወጣ ብረቱ ይግልና ለጋውን ቀንበጥ ይጠብሰዋል አሉኝ። ሚኒባሱን አልነኩትም፤ ጆንያውን ሲያለብሱት እንኳ የታመመ ሰው እንደሚያለብሱ በጣታቸው ጫፍ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ረዳታቸው ሆንኩ። ዱባ ፈጣን ነው፣ ግን እጁን ይዞ የሚያወጣው ካላገኘ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ጠዋት ጠዋት አዲሱን ጫፍ ፈልጌ በላላ ክር ከሲባጎው ጋር አስረዋለሁ። ቦሎቄው ራሱን ያውቃል፤ ቀርቀሃውን ካገኘ ማንንም አይጠይቅም። የዱር ሐረጉ ግን አስለቀሰን። ሁለት ሳምንት ጠውልጎ ሰነበተ፤ እኔ ሞቷል ብዬ ልነቅለው ስል ኦቦ ገለታ እጄን ያዙኝ። «አገሩን ለቆ ነው የመጣው፤ ጊዜ ስጪው» አሉኝ።

ማታ ማታ፣ ዝናቡ ሲያባራና ጭሱ በየቤቱ ክዳን ላይ ሲንሳፈፍ፣ ተረት ነበር። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ፋኖሳቸውን ሚስማር ላይ ይሰቅሉታል፣ የከሰል ምድጃውን ከፊታቸው ያደርጉታል፣ ነሐሴ ሲገባም የበቆሎ እሸት ፍሙ ላይ ያጋድማሉ፤ እኔም ፊቴ በእሳቱ እየጋለ ጀርባዬ በእርጥቡ አየር እየበረደ፣ የተቃጠለውን ፍሬ በጣቴ እየፈለፈልኩ አዳምጣለሁ። በርጩማቸውን የሚያስቀምጡት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ከእናቴ መስኮት ሥር፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው። ድምፃቸው ለአንዲት አጠገባቸው ለተቀመጠች ልጅ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ይል ነበር። ያኔ ጆሯቸው የደከመ ይመስለኝ ነበር።

«ዱሪ ዱሪ» ብለው ይጀምራሉ፤ ድሮ ድሮ ማለት ነው። ዝንጀሮና ኤሊ የሚጣሉበት፣ ጅብ ሠርግ ተጠርቶ የሚያፍርበት፣ ብዙ ብዙ ተረት ነበራቸው። በኦሮምኛ ጀምረው እኔ እንዲገባኝ ወደ አማርኛ ይመልሱታል፤ መሳቂያ መሳቂያው ቦታ ላይ ግን ወደ ኦሮምኛቸው ይመለሳሉ፤ እኔም ሳይገባኝ አብሬያቸው እስቃለሁ። አንዱን ተረት ብቻ ጨርሰውልኝ አያውቁም። ወፎችን ጀርባው ላይ እየጫነ የሞላውን ዴዴሳን የሚያሻግር ጎሽ ነበር። አንድ ቀን ወንዙ መሀል አዳለጠውና የአንዷ ወፍ ክንፍ ተሰበረ። ጎሹ አፈረ። ጫካ ገብቶ ቆመ፤ ሐረግ በቀንዱም በጀርባውም ላይ እስኪወጣበት ድረስ ቆመ።

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«ከዚያማ በቆሎው በሰለ» ይሉና እሸቱን ያቀብሉኛል።

ጎሹ ማን እንደሆነ ያኔ ያወቅሁ ይመስለኛል። ምናልባት ግን አሁን የማውቀውን ወደዚያ ወስጄ እየጨመርኩት ይሆናል፤ መለየት ያቅተኛል።

መስከረም ሲገባ ሚኒባሱ ጠፋ። የዱባው ቅጠል ጣሪያውን ወረሰው፣ ቦሎቄው ጎማዎቹን ሸፈናቸው፣ ያ ጠውልጎ የነበረው የዱር ሐረግም ነቅቶ የተንጠለጠለውን በር ጠምጥሞ ስለያዘው ማቃሰቱ ቆመ። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ልሄድ ስዘጋጅ እናቴ «እስቲ መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አድርጊልኝ» አለችኝ። ከፈትኩት። ሰማያዊ አበቦቹ ጠዋት ላይ ነው የሚፈኩት፤ ያን ቀን መቁጠር እስኪያቅት ፈክተው ነበር። ለረጅም ጊዜ አየች። ዝጊውም አላለችኝም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የበዓል ገበያ ስለነበር አባቴን ላግዝ ሱቅ ዋልኩ። ወደ ቤት የተመለስነው አመሻሽ ላይ ነው። ግቢው በር ስንደርስ የኦቦ ገለታ ድምፅ ይሰማል፤ ተረት እየተረቱ ነው። እኔ ደግሞ አባቴን እጁን ይዤ ቆሜያለሁ። ታዲያ ለማን ነው የሚተርቱት? በበሩ ክፍተት ሳይ ፋኖሱ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ከሐረጉ በስተቀር ፊታቸው ማንም የለም። የጎሹን ተረት ነበር። ሐረግ እስኪወጣበት ቆመ የሚለው ጋ ደረሱና ዝም አሉ።

ያኔ ከመስኮቱ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ኦቦ ገለታ፣ አንድ ነገር ይዘላሉ እኮ።»

ኦቦ ገለታ ከበርጩማቸው ተነሱ። ወደ መስኮቱ አልዞሩም።

«ጎሹን ቶሎ በል ያለችው ወፏ ናት» አለች እናቴ። «ይህን ለምን አይናገሩም?»

«ቲቸር፣ ተይው» አሉ።

«አልተውም። ቁልቁለቱ ጋ ከመድረሳችን በፊት፣ ‹የፈተናው ወረቀት እኔ ጋ ነው፣ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው፣ እባክዎ ቶሎ ይበሉ› ያልኩዎ እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያልኩዎ። ለመርማሪው አልተናገርኩም። እርስዎም አልተናገሩም። ይሄው ሦስት ወር ሙሉ እኔን ተጎጂ ናት ብሎ ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቀኛል፣ እርስዎ ደጅ ቆመዋል።»

የአባቴ እጅ እጄ ላይ ጠበቀ። ይህን ከዚያ በፊት እሱም እንዳልሰማ ያወቅሁት በዚያ ነው።

ኦቦ ገለታ መለሱ። «ሰምቼሻለሁ። ግን መሪው በማን እጅ ነበር? አንዲት ሴት ቶሎ በል አለችኝ ብዬ ልናገር? ሃያ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ቶሎ በል ያላለኝ ተሳፋሪ የለም። እሺ ማለትም እንቢ ማለትም የእኔ ሥራ ነው።»

«የዚያችን የተማሪዬን እጅ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ» አለች እናቴ።

«እጇ ድኗል። በየሳምንቱ ቅዳሜ በእግሬ እሄዳለሁ፣ አያታለሁ። ባለፈው ስሟን ጽፋ አሳየችኝ።»

እናቴ አለቀሰች። ከአደጋው በኋላ ስታለቅስ ስሰማት ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ደግሞም አላስፈራኝም። አባቴ የግቢውን በር ገፋ አድርጎ ገባና በቀጥታ ወደ ኦቦ ገለታ ሄደ። እኔ ይቆጣል ብዬ ነበር። ምድጃውን በጠርዙ በኩል አንስቶ፣ «ኦቦ ገለታ፣ እየበረደ ነው፤ ይግቡ እንጂ» አላቸው። ሽማግሌው ጫማቸውን ደጃፉ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲጠርጉ ትዝ ይለኛል። ገብተው ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። በቆሎ ተበላ።

በነጋታው እናቴ መርማሪውን አስጠርታ ያለችውን ሁሉ ነገረችው። ከዚያ በኋላ መዳን ጀመረች ማለት ይቻላል፤ ጥቅምት ላይ በምርኩዝ ደጅ ወጥታ የቦሎቄውን ደረቅ ቆባ እየሰበሰበች ትፈለፍል ነበር። ኅዳር ላይ ምርመራው አለቀ፤ ጥፋቱ የዝናቡና የመንገዱ ነው ተባለ። ቆራሌዎች ሚኒባሱን ሊወስዱ ሲመጡ ሐረጉን መቁረጥ ግድ ሆነ። ኦቦ ገለታ ማጭዱን ይዘው እናቴን አዩዋት። «ይቁረጡት፣ አሁን ላየው እችላለሁ» አለች። በነጂው መስኮት ገብቶ ውስጥ ያደገ አንድ ትልቅ ዱባ አወጡና ሰጧት። ከዚያ ሐረጉን ቆረጡት። ቅጠሉ ሲወድቅ ያ የተጨማደደ ብረት እንደነበረው ሆኖ ወጣ፤ አልተለወጠም። እናቴ በምርኩዟ ቀርባ መዳፏን ጎኑ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ቆራሌዎቹን «ውሰዱት» አለቻቸው።

አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የእኔም ልጆች ያን ዕድሜ አልፈውት፣ ስለዚያ ሐረግ ሳስብ ማንንም እንዳላታለለ ይገባኛል። ከሥሩ ምን እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሆኖም ሰው በየጠዋቱ ያንን ብረት እያየ መዳን አይችልም፤ መስኮት ለመክፈት ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል። ኦቦ ገለታ ይቅርታ መጠየቂያ ቃል አላገኙም፤ የዱባ ፍሬ ግን ነበራቸው።

ከተረቶቹ አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ዝንጀሮው ኤሊዋን በምን እንዳሸነፋት፣ ወይም ኤሊዋ ዝንጀሮውን፣ አሁን ለልጆቼ ልንገር ብል መሀል ላይ ይጠፋብኛል። ያልጠፋብኝ የጥር ወር አንድ ጠዋት ነው። እናቴ ወደ ማስተማር የምትመለስበት ቀን ነበር፤ መናኸሪያው ደርሳ ወደ ጉቴ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ መግባት አቃታት። ኦቦ ገለታ ከዚያ አደጋ በኋላ መሪ ጨብጠው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ካፖርታቸውን ለብሰው አብረውን መጥተው ነበር። ቀድመዋት ገቡና ተቀመጡ። እሷም ተከተለች፣ እኔ መሀላቸው ሆንኩ። አንድ ወጣት ነበር የሚነዳው። ኦቦ ገለታ በዚያ መንገድ ላይ ተሳፋሪ ሆነው ሄደው ስለማያውቁ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ቁልቁለቱ ሲመጣ ቀኝ እግራቸው ተነስቶ ወለሉን ረገጠ። መታጠፊያው ጋ እንደገና ረገጡ፤ በሌለ ፍሬን ላይ፣ በሙሉ ኃይላቸው፣ ራሳቸው ሳያውቁት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ የጫማቸውን ድምፅ ሰምታ ገለጠችው። እግራቸውን አየች፣ ፊታቸውን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ እሳቸውም ምን እንደሆነች ገባቸውና እግራቸውን እያዩ ሳቁ፤ ጉቴ እስክንገባ ድረስም፣ ሌላው ተሳፋሪ ምን ነካቸው እያለ፣ ሁለቱ ሳቃቸውን ማቆም አልቻሉም።