«መብራት አለ ወይ» ያስደንሳል? ክርክር ይዞ ወደ ወገዳ

አርብ ንጋት፣ ደብረ ታቦር

መናኸሪያው አጠገብ ስደርስ ሾፌሩ ዓለሙ ሚኒባሱን አስነሥቶ መስተዋቱን በጨርቅ ይወለውላል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ዓለሙን በአካል ሳገኘው የመጀመሪያዬ ነው፤ የምንተዋወቀው በቴሌግራም ነው። የድሮ ካሴት ወዳጆች የምንሰባሰብበት ቡድን አለን፤ እሱም እኔም አለንበት። ይህን ጉዞ የጠሩት ጋሽ ጌታነህም አሉበት።

ጋሽ ጌታነህ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ይኖራሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና አንዲት ልጃቸው ማርታ ብቻ ናቸው። እሑድ ማርታን ይድራሉ። ለቡድናችን እንዲህ ብለው ጽፈው ነበር፦

«ከልጄ ጋር የምደንሰው በ‹መብራት አለ ወይ› ነው። እሷ ግን ሰው ሁሉ ተቀምጦ ያይሃል፣ ታፍራለህ ትለኛለች። የምትደንሱ ኑልኝ።»

ብዙ ሰው «እንመጣለን» አለ። መኪናው ውስጥ የገባነው ግን እኔና ዓለሙ ነን።

ዘፈኑን ለማያውቅ ልንገር። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን የወጣ፣ ፈንክ የሚሉት የውጭ ስልት ያለው ዘፈን ነው። ቤዝ ጊታሩ ብቻውን ይጀምራል፣ ድራሙ ይከተለዋል፣ ኦርጋኑ ይገባል፤ ዘፋኙ ግን ብዙ ያስጠብቃል። ከዚያ መብራት በጠፋበት ሰፈር አንዲት ቤት ደጃፍ ቆሞ፣ ውስጥ መብራት አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሳክስፎኑ የሚሰማው ከሁለተኛው ግጥም በኋላ ነው። መከራው ከመግቢያው መጣ። መግቢያው በጣም ስላማረ የማስታወቂያ ማጀቢያ አደረጉት፤ ዘፋኙ አፉን ሊከፍት ሲል ይቆረጣል። መግቢያውን ያልሰማ ሰው የለም፤ ዘፈኑን የሰማው ግን ጥቂት ነው።

ጋሽ ጌታነህ በዘመኑ እሱን የሚያህል አልወጣም ይላሉ። እኔ ለዓመታት ስሞግታቸው ኖሬያለሁ፦ ለጆሮ እንጂ ለትከሻ አልተሠራም፤ ዘፋኙ ከጨረሰ በኋላ የሚመጣው ያ ረጅም የመሣሪያ ጨዋታ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ይህን ሁሉ እያወቁ ለብቻዬ ደወሉልኝ። «ሰብለ፣ አንቺ እንዳትቀሪ» አሉኝ።

ረፋድ፣ ንፋስ መውጫ

የጉና ተራራ ጭጋጉን እንደ ነጠላ ተከናንቦ ወደ ኋላ ቀረ። የገብስ ማሳዎች ታጭደው ቃርሚያቸው ብቻ ቀርቷል፤ አውድማዎቹ ላይ በሬዎች ይዞራሉ። ንፋስ መውጫ ባጃጁ፣ ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው ሁሉ ፀሐይ ወዳለበት ጥግ ተሰብስቧል። ትኩስ ሻይና አምባሻ ይዘን ስለ ቀጣዩ መንገድ ሰላም ጠየቅን። «ሰላም ነው፣ ግን አታምሹ» አሉን።

«እትዬ ሰብለ» አለ ዓለሙ፣ «እርስዎ ይደንሳሉ ወይስ አይደንሱም?»

«ዘፈኑ ከፈቀደልኝ።»

«ዘፈን እኮ አይፈቅድም አይከለክልም። እኔ መሪ ይዤ ትከሻዬ አያርፍም።»

«መኪናው ነው የሚያንቀጠቅጥህ።»

ሳቀ። አስፋልቱን ትተን ወደ ታች ጋይንት ስንወርድ እኔንም አንቀጠቀጠኝ።

ቀትር፣ አርብ ገበያ

በገበያው ቀን ደረስን። አህዮች ጭነታቸውን አራግፈው አጥር ሥር ቆመዋል። ድንች በቁና፣ ነጭ ሽንኩርት በጉንጉን፣ አዲስ ማረሻ፣ ያገለገለ ጫማ። የአርብ ጾም ስለሆነ አንዲት ሴትዮ ቤት ገብተን ሽሮ በድንች አዘዝን። ዓለሙ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ዘፈኑን ከፈተው።

ሴትዮዋ ሽሮውን እንደያዙ ቆሙ። «ይህማ የሳሙናው ማስታወቂያ ነው!» አሉ። ሳሙናውን ሲጠብቁ ዘፋኙ ገባ። ደንገጥ ብለው እኛን አዩን። «ውይ! ለካስ ሰው አለበት?»

ዘፋኙ ሲጨርስ ወደ ጓዳ ተመለሱ። መሣሪያው ገና ይጫወታል። «አየኸው?» አልኩት ዓለሙን። «መጨረሻውን ማንም አይሰማውም።» ዓለሙ እንጀራውን ቆረሰ።

ወደ ማታ፣ ወገዳ

ቆላው አየር በመስኮት ሲገባ ሹራቤን አወለቅሁ። መንገዱ ከገደል ገደል እየዞረ፣ አቧራው ቅንድባችንን ሸፈነው። ጋሽ ጌታነህ በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን፤ ከሲታ፣ ረጅም፣ ኮታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ። ከኋላችን ሌላ መኪና እንዳለ መንገዱን ደጋግመው አዩት።

«እኛው ነን፣ ጋሽዬ» አልኳቸው።

«ይበቃል» አሉ። «ከመጣሽማ አንቺ ብቻሽን ትበቂያለሽ።»

ማርታ እግራችንን ልታጥብ ውሃ ይዛ ስትመጣ ወደ ጓሮ ሳበችኝ። ፊቷ የአባቷ ነው።

«እትዬ ሰብለ፣ ዘፈኑን ይተወው በሉልኝ። እርስዎን ይሰማል። ዲጄው እንኳ ሰምቶት ‹ይሄ ሰው ያስቀምጣል› ብሏል እኮ። የባሌ ዘመዶች ከሩቅ ነው የሚመጡት። አባዬ መሐል ላይ ብቻውን ሲቆም ማየት አልችልም።»

ክርክሩ የራሴ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ጌታነህ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቄ ነገርኳቸው። 

«እዚህ ስመደብ መብራት አልነበረም» አሉ። «ቴፑ በባትሪ ነው። ማታ ማታ እናቷ በዚህ ዘፈን ትደንስ ነበር፤ በሩን ዘግተን፣ ሰው እንዳይስቅብን። ስትደንስ ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ሳልፍ ያየ ሰው አይኖርም። ማርታ እናቷ እንዴት ትደንስ እንደነበር እንድታይ ብዬ ነው። እንጂ ለዘፈኑ አይደለም።»

ለማርታ ያሉኝን ነገርኳት። ባልዲውን አንሥታ ገባች።

እሑድ፣ ዳሱ ውስጥ

ምሳው ተበልቶ ጠጁ ዞረ። ዲጄው በጄኔሬተር ሞንታርቦውን እያስጮኸ ዳሱን ሲያናውጥ ዋለ፤ ትከሻ የቀረ የለም። ሙሽራዋ ልትወጣ ጥቂት ሲቀራት ጋሽ ጌታነህ እጃቸውን አነሡ። ዘፈኑን ቀድሜ ሰጥቼው ነበርና ዲጄው ወደ እኔ አየ፤ እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁለት።

ቤዙ ጀመረ። ሕዝቡ መግቢያውን አወቀውና ሳቀ። ከዚያ ማርታ እንደፈራችው አንድ በአንድ ተቀመጠ። ጋሽ ጌታነህ መሐል ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ጉልበታቸውን ሰበር፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይወዛወዛሉ፤ የሴት አደናነስ ነው። የሚያሳዩት የሚስታቸውን ነበር። አንድ ጥግ ሳቅ ተሰማ።

ዓለሙ ዘሎ ገባ። እኔ ወንበሬን ይዤ ቀረሁ። ትከሻዬን በድራሙ ልሞክር ብል እምቢ አለኝ፤ ልክ እንዳልኩት። ግን ጋሽ ጌታነህን ሳይ እሳቸው ድራሙን አይሰሙትም፤ ቤዙን ነው የሚከተሉት። ተነሣሁ። ቤዙን ያዝኩ። ትከሻዬ መንገዱን አገኘ።

ዘፋኙ ጨረሰ። መሐል ላይ ያለነው ያው እኛ ብቻ ነን። አሁን ያ የምጠላው ረጅም የመሣሪያ ጨዋታ መጣ። ማርታ ሙሽራውን ትታ ተነሣች፤ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ በወንበሮቹ መሐል እየተሹለከለከች መጣች። አባቷ ፊት ቆማ ጉልበታቸውን አየች፣ አንገታቸውን አየች፣ እንደሳቸው ሆነች። መጀመሪያ ተሳሳተች። ከዚያ ያዘችው።

የሙሽራው አጎት ጋቢያቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ገቡ። ሴቶቹ ከጓዳ ወጡ። መሣሪያው አላለቀም፤ ሰው ይጨመራል፣ አሁንም አላለቀም። ዘፈኑ እኔ ባልኩበት ቦታ ቢያበቃ ኖሮ ማርታ ወንበሮቹን ሳታልፍ ያልቅ ነበር።

ከዚያ ሙሽሮቹ ጉልበት ስመው፣ ተመርቀው ሄዱ።

ሰኞ ከሰዓት፣ እስቴ

በእስቴ በኩል ተመለስን። መካነ ኢየሱስ ከተማ ነዳጅ ስንፈልግ ስልኬ ጠራ።

«ገባችሁ?»

«እስቴ ነን፣ ጋሽዬ።»

«በላችሁ?»

«በላን። እርስዎስ?»

«ዳሱን አፈረሱት» አሉ። «ድስቱንም ጎረቤት ወሰደ። ማርታ ደውላለች፣ ደህና ነች።»  ከኋላቸው ምንም ድምፅ የለም። «እንግዲህ ረታሁሽ አይደል? በቃ፣ የምንከራከረው አለቀ።»

ድምፃቸው የረታ ሰው ድምፅ አይመስልም።

«ስለ መጨረሻው ረተውኛል» አልኩ። «ሳክስፎኑ ግን ዘግይቶ ነው የገባው።»

«ምን?»

«ዘግይቷል። ከሁለተኛው ግጥም በፊት መግባት ነበረበት።»

«አንቺ ሰው! ጆሮሽን ምን ነካው? ከግጥሙ በፊት ቢገባ ምን ሊሠራ? ቆይ፣ እንዳትዘጊው! ቴፑን ላምጣ።» ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

ዓለሙ በመስተዋቱ አየኝ። «እትዬ ሰብለ» አለ በሹክሹክታ፣ «ትናንት እኮ እርስዎ ራስዎ ሳክስፎኑ ልክ በቦታው ገባ ብለው ነበር።»

ዝም እንዲል ምልክት ሰጠሁት። ኔትወርኩ እንዳይቆረጥብን ደብረ ታቦር እስክንገባ ቀስ ብሎ ነዳልኝ።